ሕንጻው ቆሟል፤ ማስተማሩስ? ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ገንዘብና ስለ ትምህርት ጥራት የፓርቲያችን አቋም



በየምርጫው ዋዜማ እጩዎች መድረክ ላይ ወጥተው «ዩኒቨርሲቲ እናስገባላችኋለን» ሲሉ ሰምታችኋል። ይህ ተስፋ እንደ ሌሎቹ ባዶ ቃል ሆኖ አልቀረም፤ ብዙ ጊዜ ተፈጽሟል። በ1990 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት፣ የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 ይበልጣሉ። አባቱ ፊደል ያልቆጠረ የገበሬ ልጅ በዚህ በር ገብቶ ሐኪምና መሐንዲስ ሆኗል። ይህን የሚክድ ተቃዋሚ ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። በሩን አልፎ የገባው ልጅ ክፍል ውስጥ ምን ጠበቀው? ያስተማረው መምህር ማስተማርን ከማን ተማረ? ለሕንጻው ሳይሆን፣ ለቀለቡም ሳይሆን፣ ለማስተማሩ ሥራ ብቻ ተብሎ ገንዘብ የሚይዝ፣ ገንዘቡም ምን ፍሬ እንዳፈራ የሚጠይቅ አካል በአገራችን አለ ወይ? የለም። ሊኖር ይገባ ነበር፤ ሕጉም መንገዱን ከጀመረው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከሕጉ እንነሳ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። ግዴታ ነው የተባለው፤ ምኞት አልተባለም። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው የሚረዳው ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ መሰጠት አለበት፣ ሰጪው ግን በገንዘቡ አሳብቦ ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ወደዚህ የሚወስድ ሕግ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በስትራቴጂያዊ እቅዳቸው ላይ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው በጀታቸውን በጥቅል እንዲቀበሉ ደነገገ። የትምህርት አግባብነትና ጥራትን የሚመረምር ኤጀንሲም አቋቋመ። አዋጁ በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 650 ሲተካ የጥቅል በጀቱ ነገር አብሮ ተሻገረ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1152 መጣ። ሦስት አዋጅ ማለት ነው። ለዩኒቨርሲቲው ግን ጥቅል በጀት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ገንዘቡ እንደ ድሮው በሂሳብ መደብ እየተሸነሸነ መምጣቱን ቀጠለ፤ ደመወዝ ለብቻ፣ ቀለብ ለብቻ፣ ጥገና ለብቻ፣ ግንባታ ለብቻ። ለላቦራቶሪ ኬሚካል ያነሰውን ከሌላ መደብ ለማዛወር ፈቃድ ይጠየቃል። እስከ ሰኔ 30 ያልወጣው ደግሞ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። በዚህም ምክንያት ግንቦትና ሰኔ ሲደርሱ በየግቢው የሚታየውን የግዢ ሩጫ የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ የለም፤ ያን ጊዜ የሚገዛው የሚያስፈልገው ዕቃ ሳይሆን ቶሎ ሊገዛ የሚችለው ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ውስጥ የዩኒቨርሲቲዎች ስም ደጋግሞ የሚነሳው ሁሉም ፕሬዝዳንቶች ሌቦች ስለሆኑ ነው ብለን አናምንም። አሠራሩ ራሱ ለብክነት የተመቸ ነው።

የጥራቱ ኤጀንሲስ? መርማሪዎች ልኮ ጉድለቶችን ጽፏል፤ ከጻፋቸውም ብዙዎቹ እውነት ናቸው። ነገር ግን ጉድለቱን ለማስተካከል አንድ ብር የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። ለዓመታት ተጠሪነቱም ዩኒቨርሲቲዎቹን ለሚያስተዳድረው ለዚያው ሚኒስቴር ነበር። ገንዘብ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በበኩሉ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን አያይም። አንዱ ዓይን አለው፣ እጅ የለውም፤ ሌላው እጅ አለው፣ ዓይን የለውም።

በዚህ መካከል ለመምህሩ የደረሰው የለውጥ መሣሪያ የሚባለው ነገር ነበር። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ ካይዘን፣ አንድ ለአምስት፣ የለውጥ ሠራዊት፣ በመጨረሻም ዴሊቨሮሎጂ። መምህሩ ፈተና የሚያርምበትን ጊዜ ቅጽ ሲሞላበት ከረመ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለሙያው የሚቀርበው፣ መምህራንን ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ ምዘና የሚያሠለጥነው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ነበር፤ እርሱም ከመደበኛው የማስተማር ጫና ላይ የተደረበ ሥራ ሆኖ የመምህሩ በጎ ፈቃድ ነው ያቆየው።

የ70 በ30ው መመሪያም መረሳት የለበትም። በ2000 ዓ.ም. ከ100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ተባለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን የኬሚስትሪ ተማሪን ማስተማር የታሪክ ተማሪን ከማስተማር የበለጠ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ማንም ያውቃል፤ ላቦራቶሪው፣ ቴክኒሻኑ፣ ሪኤጀንቱ አለ። ተማሪው በመቶኛ ታዘዘ፤ ወጪው ግን በመቶኛ አልታሰበም። ሙከራውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሥዕል አይቶ የተመረቀ የሳይንስ ተማሪ በአገራችን ጥቂት አይደለም።

ይኸው ተመራቂ ነው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ የሚያስተምረው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። ገዥው ፓርቲ ቁጥሩን በድፍረት ይፋ ማድረጉን እንደ ስኬት ይቆጥረዋል። ኩረጃ መቆሙን እኛም እንደግፋለን። ይሁን እንጂ ፈተናው የገለጠው የልጆቹን ስንፍና ብቻ አይደለም፤ መምህራኖቻቸውን ያሠለጠኑትን ዩኒቨርሲቲዎችም ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ካለፉት ውጤት ጋር አብራችሁ እዩት፤ የመንግሥትና የግል ተቋማት ተደምረው ያለፉት ከተፈተኑት 40 በመቶ ያህሉ ነበሩ። መፈተን መልካም ነው። ሙቀት ለክቶ መድኃኒት ሳይሰጥ የሚያሰናብት ሐኪም ግን በሽተኛውን አከምኩ ሊል አይችልም።

ገንዘብና ሹመት በአንድ እጅ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ አገራችን አይታዋለች። በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ዓሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደብዳቤ ሲሰናበቱ ያጣነው የሰዎቹን ደመወዝ ወይም ወንበር አልነበረም፤ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸ የማስተማር ልምድ ነበር። ከዚያ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 650 መሠረት የቦርዱን ሰብሳቢ የሚሾመው ሚኒስቴሩ ነበር። በጀቱን በየዓመቱ ከዚያው ወገን የሚለምን ፕሬዝዳንት ለመምህራኑ ነፃነት ይከራከራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በተለያየ መንገድ ሞክረውታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ሕግ የከፍተኛ ትምህርት የገንዘብ ምክር ቤት ተቋቁሞ ነበር። ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ አጠቃላይ ገንዘብና አጠቃላይ ፖሊሲ ይሰጣል፤ «ለእገሌ ዩኒቨርሲቲ ይህን ያህል ስጥ፣ ከእገሌ ቀንስ» እንዳይል ግን ሕጉ ከልክሎታል። ምክር ቤቱ የሚያከፋፍለው በታወቀ ቀመር ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በነበረው ቀመር የአንድ የሕክምና ተማሪ የክሊኒክ ትምህርት በክፍል ብቻ ከሚማር ተማሪ 4 እጥፍ፣ የላቦራቶሪ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ 1.7 እጥፍ ይታሰብለት ነበር። ገንዘብ የሚሰጣቸውን ተቋማት የትምህርት ጥራት ማስመርመርም በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነበር። ሁሉም መምህር ለምርምር ገንዘብ እየሮጠ ማስተማሩ ሲዘነጋ፣ ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ለማስተማር የላቀ ሥራ ብቻ 315 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ 74 ማዕከላትን ደግፏል።

እንግሊዝን ገነት አድርገን አናቀርብም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተማሪው ክፍያ በዓመት እስከ 9,000 ፓውንድ እንዲደርስ ሲፈቀድ ከምክር ቤቱ የሚወጣው የማስተማሪያ ገንዘብ ቀነሰ፤ በ2018 ምክር ቤቱ ራሱ ተዘጋ። ቦርሳው ሲጎድል ሥልጣኑም አብሮ ጎደለ ማለት ነው። ናይጄሪያ ደግሞ መምህራኗ ከመንግሥት ጋር በብርቱ ተደራድረው እ.ኤ.አ. በ1993 ከኩባንያዎች ትርፍ ላይ ለትምህርት የሚውል 2 በመቶ ግብር እንዲጣል አደረጉ። ድርድሩን እዚህ ካለው ሁኔታ ጋር አስተያዩት፤ በ2015 ዓ.ም. የእኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄ ይዘው የሥራ ማቆም ጥሪ ሲያደርጉ ጥያቄያቸው እንደ አመፅ ነው የታየው።

ስለዚህ ፓርቲያችን የሚከተለውን ይጠይቃል፤ ከተመረጠም ያደርጋል። ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ፣ አባላቱ ለተወሰነ ዘመን ተሹመው ያለ ምክር ቤቱ ውሳኔ የማይነሱ የከፍተኛ ትምህርት የገንዘብ ምክር ቤት በአዋጅ ይቋቋማል። ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ገንዘብ በዚህ አካል በኩል፣ እያንዳንዱ የትምህርት መስክ የሚጠይቀውን ወጪ ባገናዘበ ቀመር ይከፋፈላል። ቀመሩና የእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ድርሻ በየዓመቱ ለሕዝብ ይታተማል፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእርሱ ስንት እንደተመደበ ማንንም ሳይለምን ማወቅ አለበት። ያልወጣ ገንዘብ በሰኔ 30 አይነጠቅም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ከጠቅላላው ላይ ለማስተማር ብቻ የሚውል የተለየ ገንዘብ ይቀመጣል፤ ለመምህራን ሥልጠና፣ ለቤተ ሙከራ፣ ለመማሪያ መጻሕፍት፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን እንደያዘ ያለ ረዳት ወደ ክፍል ለሚገፋው ወጣት መምህር አማካሪ ለመመደብ። ይህን ገንዘብ ወደ አጥርና ወደ እንግዳ ማረፊያ የሚያዞር ፕሬዝዳንት ይጠየቅበታል።

ቀመር ብቻውን ፍትሕ አያመጣም፤ ይህንም እናውቃለን። በተማሪ ቁጥር ብቻ ቢከፋፈል ጂንካና ቀብሪ ደሃር ያሉ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሁልጊዜ ከኋላ ይቀራሉ፤ ለእነርሱ መነሻ የሚሆን ተጨማሪ ድጋፍ በአዋጁ ይካተታል። በጦርነቱ ወቅት የተዘረፉትና የወደሙት የወልድያ፣ የወሎ፣ የአክሱምና የአዲግራት ዩኒቨርሲቲዎችም ወንበርና ኮምፒውተር ከእህት ተቋማት ሊለምኑ ባልተገባ ነበር። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለምትሉን፣ አንዱ ምንጭ ዛሬም እየተሰበሰበ ነው። በደንብ ቁጥር 91/1995 የተጀመረው የወጪ መጋራት ተመራቂው ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ እንዲከፍል ያስገድዳል። ልጆቻችሁ ከደመወዛቸው ላይ ሲቆረጥ አይታችኋል። ይህ ገንዘብ ወደ ጠቅላላው ግምጃ ቤት ገብቶ ከሚጠፋ በቀጥታ ወደ ማስተማሪያው ገንዘብ እንዲገባ እናደርጋለን።

ገዥው ፓርቲ «የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 አውጥተናል፤ ችግሩ ተፈቷል» እንደሚል እናውቃለን። ራስ ገዝነትን እንደግፋለን፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ይገባዋል። ነገር ግን የሕዝብ ገንዘብ በሕግ ሳይረጋገጥለት «ራስህን ቻል» የተባለ ዩኒቨርሲቲ መጨረሻው ከተማሪው ኪስ መፈለግ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚዘጋው በር ያ የገበሬ ልጅ የገባበት በር ነው። ራስ ገዝነቱና የገንዘብ ዋስትናው በአንድ ቀን መምጣት ነበረባቸው።

አሁን ብዙ ድምፅ ሊያሳጣን የሚችለውን እንናገር። ፓርቲያችን በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት በየትኛውም ዞን አዲስ ዩኒቨርሲቲ ለመክፈት ቃል አይገባም። አንዳንድ አባሎቻችን ይህን ዓረፍተ ነገር እንድናወጣው ለምነውናል፤ «ጎረቤት ዞን አግኝቶ እኛ ለምን ቀረን» የሚለው የሕዝብ ጥያቄ ከባድ መሆኑን ያውቃሉና። እኛም እናውቃለን። ሆኖም ፈተናውን የሚያልፈው ተማሪ በዚህ ቁጥር ባለበት ጊዜ፣ ያሉት ግቢዎች በከፊል ባዶ ሆነው ሳለ፣ ለተማሪ የቀን ምግብ ለዓመታት 15 ብር፣ በኋላም 22 ብር ሲመድብ በኖረ አገር ሌላ የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥ ሕዝብን መሸንገል ነው።

የአዋጁን ረቂቅ በሥራ ዘመኑ የመጀመሪያ ዓመት ለምክር ቤት እናቀርባለን። ከመቅረቡ በፊት በየዩኒቨርሲቲው ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር እንወያይበታለን። በምክር ቤት የምናገኘው መቀመጫ ጥቂት ቢሆን እንኳ ረቂቁን ይዘን እንገባለን፤ በየዓመቱ በጀት ሲጸድቅም ለማስተማር የተያዘው ስንት ነው ብለን በስም በስም እንጠይቃለን።