መጀመሪያ ቅዳ፣ ከዚያ ሰርዝ

እስቲ አንድ ጥያቄ። ሰው ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር፣ መሸኛውን ይዞ ታክሲ ውስጥ እያለ የማን ነዋሪ ነው? ለዓመታት በለመድነው አሠራር የለቀቀው ወረዳ መታወቂያውን ተቀብሎ ፋይሉን ዘግቷል። የሚሄድበት ወረዳ ገና ስሙንም አላየው። በዚያች ሰዓት ሰውየው የሚኖረው ማኅተም ባረፈባት አንዲት ወረቀት ላይ ብቻ ነው!

አቃቂ ቃሊቲ ይህን ጣጣ በደንብ ያውቀዋል። ቱሉ ዲምቱና ገላን ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከመሀል ከተማ የመጡ ሰዎች መሸኛ ይዘው ነው የመጡት። ታዲያ ወረቀቷ ላይ የአባት ስም በአንዲት ፊደል ብትሳሳት "ሂድና አስተካክለህ ና" ይባላል። ወዴት? ፋይሉን ወደ ዘጋው ቢሮ። ከቱሉ ዲምቱ ልደታ ደርሶ መመለስ ደግሞ የቀን ሥራን ያስቀራል።

የሚገርመው ኮምፒውተሮች ይህን ችግር ገና ድሮ ፈትተውታል። አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን ሜይንፍሬም ያስተዋወቀው በ1964 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሜይንፍሬም ማለት በዓለም ላይ ትልልቅ ባንኮች ሒሳባቸውን የሚያምኑት ግዙፍ ኮምፒውተር ነው። በዚያ ዘር ማሽኖች ላይ አይኢኤችሙቭ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የመረጃ ፋይሎችን ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ይቀዳል፣ ያዛውራል። ዛሬ አይቢኤም ራሱ በአዲሶቹ ተጠቀሙ ይላል፤ ቁም ነገሩ ግን አላረጀም።

"ቅዳ" ካላችሁት ዋናው ባለበት ይቀራል። "አዛውር" ካላችሁት ግን ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ፋይሉን አዲሱ ቦታ ላይ ይቀዳል። ሁለተኛ፣ የድሮውን ይሰርዛል። ሦስተኛ፣ ፋይሉ በካታሎግ የተመዘገበ ከሆነ ካታሎጉን አስተካክሎ አዲሱን አድራሻ ያስይዛል። ልብ በሉ፤ ፋይሉ የትም የማይገኝበት ደቂቃ የለም። እኛ ግን መጀመሪያ እንሰርዛለን፣ ከዚያ ቅጂውን ለባለጉዳዩ አስይዘን "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ" እንለዋለን። ካታሎግማ የት አለና!

ሌላም አይኢቢኮፒ የሚባል አለ። ፋይል ውስጥ የባከነውን ቦታ እዚያው በዚያው ያደላድላል፤ መዝገብ ቤት ውስጥ ማኅደሮችን እንደ መጠጋጋት ነው። ሥራው መሀል ላይ ከተቋረጠ ግን ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ከመጀመራችሁ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ ያዙ ተብሎ ይመከራል። መብራት እንደ ልቡ በሚሄድበት አገር ይህ ምክር በየመዝገብ ቤቱ በር ላይ ሊለጠፍ ይገባ ነበር።

"ሁለቱም ጋ ከተመዘገበ እኮ ሁለት መታወቂያ ያወጣል፣ ሁለት ቤት ይመዘገባል" የሚል አይጠፋም። ስጋቱ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ሰውን ከሁለቱም ማጥፋት አይደለም። የለቀቀው ወረዳ ፋይሉን "በዝውውር ላይ" ብሎ ይቆልፈው፤ አዲስ አገልግሎት አይስጥበት። ተቀባዩ "ደርሶኛል፣ ሙሉ ነው" ሲል ያን ጊዜ ይዝጋው። ስህተት ከተገኘም ቢሮና ቢሮ ይነጋገሩ እንጂ ባለጉዳዩ መልእክተኛ አይሁን።

ይህን ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ፋይዳ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር እየሰጠን ነው፤ ሰፈር ብንቀይርም ቁጥሩ አይቀየርም። ለካታሎግ የሚሆን ስም ተገኘ ማለት ነው። ግን ስም ብቻውን ፋይል አያዛውርም። የመሸኛውን ቅደም ተከተል እንዳለ ኮምፒውተር ውስጥ ከከተትነው፣ ያተረፍነው ነገር ቢኖር ሰውን በፍጥነት ማጥፋት ነው።

ለሶፍትዌር ሠሪዎቻችንም ለወረዳ ሹሞቻችንም አንድ ነገር ልበል፦ ተቀባዩ "ደርሶኛል" ሳይል ማንንም አትሰርዙ።