መኪናውን ስትሰጡ ጠጋኙንም አስቡ

የልብስ ስፌት መኪና በመጠገን ነው የምተዳደረው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለችግረኛ ሴቶች ብለው የላኳቸው መኪናዎች አንዳንዴ እኔ ጋ የሚደርሱት ሞተራቸው ተቃጥሎ ነው። የእዚያ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ ደግሞ 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ጭሱ ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ስጦታውን አልነቅፍም። መኪና ያላት እናት ቀሚስ አሳጥራ፣ ዩኒፎርም ሰፍታ፣ ልጆቿን ከዓይኗ ሳታርቅ ቤቷን ትደጉማለች። የምቃወመው ነገሩ በርክክብና በፎቶ ማለቁን ነው።

ለገጠርና ለትንንሽ ከተማ በእግር የሚረገጠው መኪና ይሻላል። መብራት ቢጠፋ ሥራ አይቆምም፤ ቀበቶው ቢበጠስ በጠፍር ይተካል። ኤሌክትሮኒክሱ ግን ሰሌዳው ከተበላሸ መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ነው።

ደግሞ የጥገናው አብዛኛው ክፍል ተአምር አይደለም። «ስፌት ይዘላል፣ ሞቷል» ተብሎ የመጣልኝን ስንቱን የደነዘ መርፌ ቀይሬ፣ ከጥርሱ ሥር የተጠቀጠቀውን የክር ብናኝ በብሩሽ ጠርጌ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ መልሻለሁ! ይህን ማንኛዋም ሰፊ በአጭር ጊዜ ትማረዋለች።

ስለዚህ ለጋሾች ሆይ፣ ከመኪናው ጋር መርፌ፣ ዘይትና ቀበቶ ላኩ። መኪና ከምትሰጡት ከየሴቶች ማኅበሩ አንዲት ሴት ጥገና እንድትማር ክፈሉላት። የአካባቢው ትምህርት ቤቶችም ዩኒፎርማቸውን እነዚሁ ሴቶች ዘንድ ያሰፉ። ገበያ የሌለው መኪና፣ ደህና ቢሆንም እንኳ፣ መጨረሻው መሸጥ ነው።