ለፈረሱ የቆመ ሐኪም

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚደረግ አንድ የታወቀ የፈረስ ጉዞ አለ፤ ጋላቢው ከታሆ ሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ ኦበርን እስከምትባለው ከተማ ድረስ 100 ማይል፥ ማለት 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ዳገትና ቁልቁለት በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ እንዲፈጽም ይጠበቅበታል። ይሁን እንጂ የዚህ ጉዞ ሥርዓት ከርዝመቱ ይልቅ የሚደነቅበት ሌላ ነገር አለው፤ ይኸውም በየጣቢያው የእንስሳት ሐኪሞች ቆመው ፈረሱን እየመረመሩ፥ የልቡ ትርታ እስኪረጋ እያቆዩ፥ ሶምሶማ እያስረገጡ አካሄዱን እየተመለከቱ፥ ያነከሰውን ፈረስ ጌታው ቢለምንም ቢቆጣም ከውድድሩ የሚያስወጡት መሆኑ ነው። ከመጨረሻው መስመር የደረሰ ፈረስ እንኳ ገና ለመቀጠል የሚችል መሆኑ በሐኪም ካልተመሰከረለት ጨረሰ አይባልም፤ ቀድመው ከገቡት ዐሥር ፈረሶች መካከልም ለአንደኛው ሳይሆን በአካሉ ደኅንነት ለበለጠው የሚሰጥ የተለየ ዋንጫ አለ።

በ1973 እ.ኤ.አ. ጎርዲ አይንስሊ የተባለ ጋላቢ በዚሁ ጉዞ ላይ ሳለ ፈረሱ አነከሰበትና 29ኛው ማይል ላይ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ፈረስ በመፈለግ ፈንታ ከፈረሶቹ ጋር በእግሩ ተነሥቶ መንገዱን በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ፈጸመው። ዛሬ ዌስተርን ስቴትስ የሚባለው የ100 ማይል የተራራ ሩጫ መነሻው ይህ ሲሆን፥ እርሱን የመሳሰሉት ውድድሮች በየአህጉሩ በዝተው፥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞን ብላንን ተራራ የሚዞረው የሻሞኒ ሩጫ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 10,000 ሜትር ያህል ዳገት ይዞ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያሰልፋል። እንግዲህ በፈረስ ማነከስ ምክንያት በተወለደ በዚህ ስፖርት ውስጥ እኔን ዘወትር የሚያስገርመኝ፥ ፈረሱ ቀርቶ ሰውየው በቦታው ሲተካ የሐኪሙ ሥልጣን አብሮ አለመተላለፉ ነው። በእርግጥ በታላላቆቹ ውድድሮች ላይ ሐኪሞች አሉ፤ ራሱን የሳተውን፥ የሚያስመልሰውን፥ ብርድ ያንቀጠቀጠውን ያስወጣሉ፤ ነገር ግን ተረከዙን ወይም ጉልበቱን ለወራት ሲያመው የኖረ ሰው በመነሻው መስመር ላይ ሲቆም «እስቲ ሶምሶማ እርገጥና ልይህ» የሚለው የለም። ሯጭ ጋላቢውም ፈረሱም ራሱ ነውና፥ ጋላቢው በፈረሱ ላይ የፈረደውን ፍርድ ይግባኝ የሚሰማ ዳኛ አይገኝም።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይታይ። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል፥ በየካ ተራራ ላይና በሱሉልታ ሜዳ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ የሚሮጠው ሕዝብ እንደ ቀድሞው በሩጫ እንጀራውን የሚያገኝ ስፖርተኛ ብቻ መሆኑ ቀርቶአል፤ የቢሮ ሠራተኛው፥ ነጋዴው፥ መምህሩ፥ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እናት ሳይቀሩ፥ በስምጥ ሸለቆ በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ እንደተደረገው ባለ የዱር መንገድ ውድድር ላይ ለመሰለፍ ይዘጋጃሉ። ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ምግባር ነው። ከመካከላቸው ግን አንዱ የውስጥ እግሩን፥ ሌላዋ ቅልጥሟን፥ ሌላው የተረከዙን ጅማት እየታመሙ የሚሮጡ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከማኅበሩ አንዱ ስለሆንሁ የምናገረው ለራሴም ጭምር ነው።

አጥንቱ በተሰበረ ሰው ዘንድ ክርክር የለም፤ እግሩ አልሄድም ይላል፥ ሰውየውም ይተኛል። ነዝናዛው ጉዳት ግን ባሕርዩ ሌላ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲወረድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ያስነክሳል፤ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ይላላል፤ ሩጫው ሲጀመር ጠቅ ያደርጋል፤ ሰውነት ሲሞቅ ይሰወራል፤ ሯጩም «ለቀቀኝ» ብሎ ደስ እያለው ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ በማግስቱ ማለዳ ሕመሙ ከነወለዱ ይመለሳል። የዚህም ምክንያቱ ስውር አይደለም። ልብና ሳንባ ከዕረፍት በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ኀይላቸው መመለስ ሲጀምሩ፥ ጅማትና አጥንት ግን ሸክም ለመልመድ ወራት የሚፈጅባቸው ናቸውና፥ ትንፋሹ የሚፈቅድለትን ጅማቱ አይፈቅድለትም። ከጉዳት የሚመለስ ሰው በብዛት ዳግመኛ የሚጎዳው ደካማ ሆኖ ሳለ ሳይሆን፥ ብርታት በተሰማው በዚያ ወራት ነው፤ ያን ጊዜ ምክር የሚሰማ ጆሮ የለውም።

ታዲያ ተኝቶ መጠበቅ ይሻለዋልን? የቀድሞው የሕክምና ትምህርት እንዲህ ይል ነበር፤ ጌብ ሚርኪን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የተጎዳን አካል ማሳረፍን፥ በበረዶ ማቀዝቀዝን፥ በፋሻ ማሰርንና ከፍ አድርጎ መስቀልን አስተምሮ ዓለም ሁሉ ተቀብሎት ሳለ፥ ራሱ በ2014 እ.ኤ.አ. በረዶውና ፍጹም ዕረፍቱ ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፎ ቃሉን አሻሽሎአል። በስዊድንም በኡሜዮ ከተማ የሚገኘው ሆካን አልፍሬድሶን የተባለ የአጥንት ሐኪም፥ እርሱም ሯጭ ነበርና፥ የተረከዙ ጅማት ቢያስቸግረው አለቃውን ቀዶ ጥገና እንዲያደርግለት ለመነው፤ አለቃው እምቢ ስላለው፥ እንግዲያስ ጅማቱ ይበጠስና ግድ ይሆንበታል ብሎ በደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቹ ቆሞ ተረከዙን ቁልቁል እያወረደ ሕመሙን ያባብሰው ጀመር ይባላል። ጅማቱ በመበጠስ ፈንታ ዳነ። ከዚያም ከባልደረቦቹ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፥ ለብዙ ጊዜ የታመሙ 15 ሯጮች ይህንኑ እንቅስቃሴ ጉልበት ዘርግተውም አጥፈውም ሦስት ጊዜ ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት፥ በቀን ሁለት ጊዜ፥ ለ12 ሳምንታት አድርገው ወደ ሩጫቸው እንደተመለሱ አስረዳ። ስለዚህ የታመመ ጅማት የሚሻው ሥራ ፈትቶ መቀመጥን ሳይሆን ልክ ያለው ሸክምን ነው፤ የልኩም መመዘኛ ዛሬ ባለሙያዎች እንደሚመክሩት፥ በልምምድ ጊዜ የተሰማው ሕመም ቀላል ሆኖ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለሱ ነው።

ተራራው በዚህ ረገድ ወዳጅም ባላጋራም ነው። ለስላሳ አፈርና የተለያየ መሬት፥ አስፋልት በአንድ ቦታ ላይ አሥር ሺህ ጊዜ የሚመታውን ምት ከእርምጃ ወደ እርምጃ ስለሚለዋውጠው፥ ለብዙ ሕመምተኛ እፎይታ ይሰጣል። ዳገትም ሩጫውን ስለሚያዘገየው፥ ምንም እንኳ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ቢጎትትም፥ ለጉልበት ከሜዳው ይልቅ የሚራራ ነው፤ ደግሞም በተራራ ሩጫ ዳገቱን በእርምጃ መውጣት ነውር አይደለም፥ ታላላቆቹ ያደርጉታል። ጥፋቱ ያለው በቁልቁለት ነው። ሰው ቁልቁል ሲሮጥ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ሳለ አካሉን መግታት ግድ ይሆንበታልና፥ በሳንባው ላይ ምንም ድካም ሳይሰማው፥ እንዲያውም እንደ በረረ ሆኖ እየተደሰተ፥ በጉልበቱ ሎሚና በቅልጥሙ ላይ ከባዱን ዕዳ ያስቆጥራል፤ ቁርጭምጭሚትም ድንጋይ ላይ የሚታጠፈው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው። ስለዚህ ከጉዳት የሚነሣ ሰው ወደ ተራራ ሲመለስ አስቀድሞ ዳገቱን፥ በመጨረሻም ቁልቁለቱን ይመልስ፤ በኪሎ ሜትር ፈንታ በሰዓት ይሩጥ፤ እስከ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ የወጣ ሁሉ በእግሩ ቁልቁል የመውረድ ግዴታ የለበትም፥ ታክሲ አለ።

ይህን ጥበብ ከውጭ አገር መጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ሯጮች መማር ይቻል ነበር። ስመ ጥር አትሌቶቻችን አስፋልትን ለተመረጠ ቀን እያቆዩ፥ ብዙውን ልምምዳቸውን በጫካ ውስጥ በተርታ ተሰልፈው፥ መሪው በዛፎች መካከል ሲጠማዘዝ ሌላው የፊተኛውን እግር እየተከተለ፥ በቀላል ቀናቸውም «እነዚህ ናቸው ወይ ዓለምን የሚያሸንፉት?» እስኪባል ድረስ ዝግ ብለው ይሮጣሉ። ከቢሮ የመጣው ሰው ግን በእጁ ሰዓት ላይ የሚነበበውን ቁጥር እያየ ቀድሞአቸው ያልፋል።

እርሱን የሚያስቸኩለው ምንድር ነው? በእኔ ግምት፥ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ሩጫ የተነገረን ገድል ግማሽ መሆኑ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ከአርባ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ፥ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት 12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ፥ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ አስከትሎ ገብቶ፥ ከዚያም በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያላየው ወይም ያልሰማው ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኛም ከዚህ የወሰድነው ትምህርት «ሕመምን የናቀ ያሸንፋል» የሚል ሆነ። ነገር ግን የሆዱ ቁስል ሩጫ ያመጣው ቁስል አልነበረም፤ ከዳነ በኋላም በየእርምጃው የሚጫነው ምንም ነገር አልነበረም። ይኸው ሰው በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲሰለፍ ሕመሙ ከእግሩ ላይ ነበር፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላም አቋርጦ ወጣ፥ ድሉንም ጓዱ ማሞ ወልዴ ለአገሩ አስገኘ። ሁለት ጊዜ የዓለምን አክሊል የተቀዳጀ ጀግና፥ ጽንዓት የጎደለው የማይባል ወታደር፥ እግሩ እምቢ ሲለው መቆሙን ግን እንደ አሳዛኝ ፍጻሜ እያሳጠርን እናልፈዋለን እንጂ እንደ ቶኪዮው ለልጆች አንተርከውም። በእኔ አስተያየት ለተራው ሯጭ የሚጠቅመው ትምህርት ከሁለቱ የሜክሲኮው ነው፤ የቶኪዮው እርሱን ለመሰሉት ብቻ የሚሆን ነውና።

በቅርብ ዘመንም ቀነኒሳ በቀለ ለብዙ ዓመታት በባቱ ሕመም ሲፈተን ኖሮ፥ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በአምስተርዳም ማራቶን መጨረሻው ሲቃረብ አቋርጦ ብዙ ሰው «አበቃ» ሲለው፥ ዓመት ሳይሞላ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በበርሊን 2 ሰዓት 1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጦ ከዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ አነሰ። ማቋረጥ ሯጭነትን የሚሽር ቢሆን ኖሮ በርሊን ባልኖረ ነበር።

ባለሙያው ሯጭ አሰልጣኝ፥ ወጌሻና ሐኪም አለው፤ የማለዳው ሯጭ ግን ወደ ወጌሻ የሚሄደው ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ወጌሻን የምነቅፍ አይደለሁም፤ የወለቀን በመመለስና የተኮማተረን ጡንቻ በማሸት ብዙ ሰው የረዱ እጆች አሉ። ነገር ግን ሊሰበር የተቃረበ የቅልጥም አጥንት በመታሸት የሚባባስ ስለሆነ፥ በአንድ ነጥብ ላይ ተወስኖ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ያለበት ሰው ከወጌሻው በፊት ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ጸበል የሚጠመቀውም ይጠመቅ፤ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እስኪመለስ ድረስ እግሩ ማረፉ በራሱ ትርፍ ነው።

የእኔ ዋና አሳብ ግን ስለ መድኀኒቱ አይደለም፥ ስለ ዳኝነቱ ነው እንጂ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታመመ ምእመን በጾም ወራት ልብላ አልብላ እያለ ብቻውን ከኅሊናው ጋር አይሟገትም፤ ጕዳዩን ለንስሐ አባቱ ያቀርባል፥ ቀናተኛው «እጾማለሁ» ቢልም አባትየው ሁኔታውን አይተው «ብላ» ይሉታል፥ መብላቱም መታዘዝ ሆኖ ይቈጠርለታል። ለሯጭም የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ ሰው ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢሆን መልካም፥ ባይገኝ የሩጫ ጓደኛው ወይም የትዳር ጓደኛው ይሁን፥ ብቻ ሥልጣኑ አስቀድሞ በጤና ቀን የተሰጠው፥ በሕመም ቀን የማይለመን ይሁን። እርሱም ከውድድሩ ሳምንት በፊት ሯጩን በመጠነኛ ቁልቁለት ላይ ሲሮጥ ከኋላው ይመልከተው፤ የሚያነክስ ሰው ማነከሱን ራሱ አያየውም፥ ከኋላው ለሚመጣው ግን ግልጽ ነው።

የውድድር አዘጋጆችም የሚያደርጉት ቀላል ነገር አለ። በአንድ ቀን ረጅሙንም አጭሩንም መንገድ የሚያዘጋጁ ከሆነ፥ ለረጅሙ የተመዘገበ ሰው እስከ ዋዜማው ድረስ ያለ ቅጣት ወደ አጭሩ እንዲዛወር፥ ያም ካልሆነለት ምዝገባውን ለሚቀጥለው ዓመት እንዲያስተላልፍ በግልጽ ይፍቀዱለት፤ ብዙ ሰው የተጎዳ እግሩን ይዞ የሚሰለፈው ክብሩ ስለሚነካ ብቻ ሳይሆን፥ ገንዘቡ ስለተከፈለ፥ መኪናውና ሆቴሉ ስለተያዘ ነው። በዋዜማው ምሽት ቲሸርቱንና የደረት ቁጥሩን ለመውሰድ ሲመጣም፥ ቁጥሩን የምትሰጠው ወጣት ከስሙ ቀጥላ «እግርዎስ እንዴት ነው?» ብትለው፥ የአጭሩም ቁጥር በእጇ አጠገብ ቢኖር፥ ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ቀይሪልኝ የሚሉ ይመስለኛል።