ልጆቹን ከማማ እናውርዳቸው

የሐይቅና የአምባሰል ወገኖች! ክረምቱ ወጣ፤ ማሽላው ራስ እያወጣ ነው፤ የጓሮው በቆሎም እሸት ሆኗል። ትምህርት ቤትም ተከፍቷል። በዚህ ሰሞን በየዓመቱ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልጆቻችን ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ፣ ደብተራቸው ቤት ይቀራል። ማሳውን ከጦጣና ከዝንጀሮ የሚጠብቁልን እነሱ ናቸው። ዘንድሮ ይብቃ!

ዝንጀሮ ልጅ አይፈራም። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ማለዳ ከነመንጋው ይወርድና ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ያያል። ጎልማሳ ካየ ይርቃል። ሴት ወይም ልጅ ብቻ ከሆነ ግን የሚወረወረውን ድንጋይ ንቆ ይገባል፤ በቆሎውን ገንጥሎ፣ ሁለቴ ነክሶ ይጥልና ሌላውን ይገነጥላል። ጠባቂው ምሳውን ሊቀምስ ዘወር ያለባት ጊዜ ትበቃዋለች። አንዱ ጎረቤት ቢያባርረው ወደ ቀጣዩ ማሳ ይሻገራል እንጂ ወደ ገደሉ አይመለስም። እያንዳንዱ ለየራሱ ሲጠብቅ ሁላችንም የምንዘረፈው ለዚህ ነው።

እኛ ግን ቅሬ አለን። ለቅሶ በተሰማ ጊዜ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር ማንም ቆሞ አይጠይቅም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ድርሻውን ያውቃል። ያንኑ ሥርዓት ለማሳ ጥበቃ እናውለው። በየጎጡ የጎልማሶች ወረፋ ይውጣ። ፀሐይ ሳትወጣ መንጋው የሚወርድበት በር ላይ ይቁሙ፤ በየማሳው አይበተኑ። በሩን የያዙ ጥቂት ሰዎች ለጎጡ ሁሉ ይበቃሉ። ወንድ የሌለበት ቤትና አቅመ ደካማው ከወረፋው ነፃ ይሁኑ፤ ማሳቸው ግን እኩል ይጠበቅ። ከርሞ ደግሞ ከጫካው ጋር በሚዋሰነው መሬት ላይ በቆሎ መዝራቱን ትተን በርበሬ እናድርግበት።

የሌሊቱም ነገር አለ። በዓል በመጣ ቁጥር የእርዱ ትራፊ ቦይ ውስጥና መንገድ ዳር ይጣላል። ጅብ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፤ አንዴ ደጃችንን ከለመደ ጥጃውንም ፍየሉንም አይምርም። በደሴ–ወልድያ መንገድ ዳር ያላችሁ ልኳንዳ ቤቶችና ምግብ ቤቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል፤ ትራፊው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። የዶሮ ቤቱም ቀዳዳ ይደፈን፤ ሸለምጥማጥ ጠባብ ቀዳዳ ይበቃዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ መርዝ አናስቀምጥ። ሥጋ ላይ የተደረገ ፀረ-ተባይ ጅቡን ብቻ ሳይሆን ውሻችንንም ጥንብ አንሳውንም ይፈጃል፤ ዝናብ ያጠበው ደግሞ ዓሣ ወደምናወጣበት ሐይቅ ይወርዳል። በአገራችን የሚኖሩ አራት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አዕዋፍ ጋር ተመዝግበዋል፤ ከሚፈጇቸው ነገሮች ግንባር ቀደሙ መርዝ ነው። ጅብም ቢሆን ውለታ አለው። መቀሌ ላይ የተደረገ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ ጥንብ እንደሚያነሱና አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ያለ ፈቃድ አውሬ መግደልን ደግሞ ሕግ ይከለክላል። ያስቸገረ አውሬ ካለ አቤቱታው በአንድ ሰው አንደበት አይቅር፤ የጎጡ ቅሬ በሙሉ ፈርሞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስገባ።

ውሻም ሆነ ጅብ፣ ማንኛውም እንስሳ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መድረስ ግድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

እንግዲህ የመስጊድ ኢማሞች ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ካህናት ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ንገሩልን። መምህራን ከትምህርት ገበታ የቀሩትን ልጆች ስም ለየቅሬው አድርሱ፤ የእነዚያ ልጆች ማሳ በቅድሚያ ወረፋ ይያዝለት። የቅሬ ዳኞች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ሰው ሰብስቡ፤ የመጀመሪያውን ቀን ወረፋም ራሳችሁ ውሰዱ።