ወለምታና ቅቤ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ አበው። ምሳሌው የተነገረው ስለ አንደበት ቢሆንም የእግር ወለምታ ግን በቅቤ እንደሚታሽ አስቀድሞ ተቀብሎ ነው የሚነሣው። እኛ ልንሞግት የፈለግነው ይህንኑ ማንም ያልጠየቀውን የምሳሌውን ግማሽ ነው።

በፋኩልቲዎች መካከል በሚደረግ የእግር ኳስ ግጥሚያ ተማሪው ዘሎ ሲያርፍ እግሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በቁርጭምጭሚቱ የውጭ ጎን አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ይለጠጣል፤ ወይም ይበጠሳል። ጥቃቅን የደም ሥሮችም አብረው ስለሚቀደዱ እግሩ ያብጣል። ታዲያ ጓደኞቹ በዚያው ምሽት በመኝታ ክፍላቸው ቅባት ይዘው ማሸት ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት አጥብቆ ማሸት ግን የቆሰለውን አካል ዳግመኛ ማድማት ነው።

በረዶስ? እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ዕረፍትን፣ በረዶን፣ በፋሻ መጠቅለልንና እግርን ከፍ ማድረግን በአንድነት አስተዋወቁ። ራሳቸው ሐኪሙ በ2014 ሐሳባቸውን አሻሽለው በረዶና የተራዘመ ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጻፉ። በረዶ ሕመም ያስታግሣል እንጂ ጅማት አይጠግንም። ጅማት የሚጠነክረው ከጥቂት ቀናት ጥበቃ በኋላ ቀስ በቀስ ሸክም ሲለማመድ ነው።

ስለ ወጌሻ ስንናገር መጠንቀቅ ይገባናል። በእግር ኳሳችን ከረጢት አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ባለሙያ እስከ ዛሬ ወጌሻ ማለታችን ለሙያው ያለንን አክብሮት ያሳያል። ይሁን እንጂ ስብራትን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር አግዶ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ዘግበዋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ወለምታ ነው ወይስ ስብራት የሚለው ነው።

ለዚህም መሣሪያ የማይጠይቅ መመዘኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የወጣው የኦታዋ መመዘኛ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ቁርጭምጭሚቱን የታመመው ሰው ወዲያው እንደ ተጎዳም ሆነ በምርመራ ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም ከሁለቱ የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች የአንዱ ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዝ ሲጫኑት ካመመው፣ ራጅ መነሣት አለበት። አራት እርምጃ ለመቁጠር ሐኪም መሆን አያሻም!

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሜዳው ራሱ ነው። ተጎጂው ቀዝቃዛ ስፕሬይ ይነፋለትና ቆዳው ሲደነዝዝ ድኛለሁ ብሎ ይመለሳል። አንድ ጊዜ የተጎዳ ቁርጭምጭሚት እንደገና ለመጎዳት የቀረበ ነው፤ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ደግሞ ይህን አደጋ ይቀንሳል። በኖርዌይ በወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚወስድ የማሟሟቂያ ልምምድ አጠቃላይ ጉዳትን በሢሶ ያህል ቀንሷል። ልምምዱ ከሜዳና ከኳስ በቀር ወጪ የለውም።

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች አሉ። በየግጥሚያው ሁለቱ በተራ ተመድበው ማሟሟቂያውን ቢመሩ፣ ፋሻ ይዘው ቢቆሙ፣ አራት እርምጃ መራመድ ያቃተውንም ከሜዳ አስወጥተው ወደ ክሊኒክ የመላክ ሥልጣን ቢሰጣቸው፣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለዋንጫ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለንም። ሥልጣኑ ግን በውድድሩ ደንብ ላይ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ አምበሉ አይሰማቸውም።