ጥጃው በራሱ አልወጣም

በዘጸአት መጽሐፍ ሁለት የወርቅ ሥራዎች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። በምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ እንደ ሞላው ለሙሴ ይነግረዋል። የሞላው ትንቢት እንዲናገር ወይም ሠራዊት እንዲመራ አይደለም፤ በወርቅና በብር እንዲሠራ፣ ዕንቍ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። በምዕራፍ 32 ደግሞ አሮን የሕዝቡን የጆሮ ጉትቻ ሰብስቦ በመቅረጫ ጥጃ ይሠራል። ሙሴ ሲጠይቀው ግን ወርቁን እሳት ውስጥ እንደ ጣለውና ጥጃው እንደ ወጣ ብቻ ተናገረ። መቅረጫውን አላነሣም።

ወገኖቼ፣ ይህ የአሮን መልስ ዛሬ መንፈሳዊ ልብስ ለብሶ በመድረኮቻችን ላይ ይመላለሳል። “መዝሙሩን ጌታ ሌሊት ሰጠኝ” ይባላል። ጌታ በሌሊት መዝሙር አይሰጥም አልልም፤ ኢዮብ 35፥10ን ያነበበ ይህን አይክድም። ነገር ግን ግጥሙ ሲንገዳገድ፣ ዜማው ባለፈው ወር ከሌላ ሰው የሰማነው ሲሆን፣ መልእክቱም ከመስቀሉ ይልቅ ስለ ጠላቶቼ ውድቀት ብቻ ሲያወራ፣ የጠያቂን አፍ ለማስያዝ “ጌታ ሰጠኝ” ማለት የራስን ስንፍና በመንፈስ ቅዱስ ላይ ማላከክ ነው።

“እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ ችሎታ ምን ይፈይዳል?” የሚሉ አሉ። መልካም፤ ያ ቃል የተነገረው ዳዊት በተቀባበት ቀን ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን ዳዊት ወደ ሳኦል ቤት የገባው በገና መደርደር የሚያውቅ በመሆኑ ነው። ኋላም ለእግዚአብሔር ቤት ዝማሬ የተመደቡት፣ በ1ኛ ዜና 25 እንደምናነበው፣ 288 የተማሩና ብልሃተኞች ነበሩ። ልቡ የተመሰከረለት ሰው ልምምድን አልናቀም።

ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ከ1723 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1750 ድረስ በላይፕሲግ አብያተ ክርስቲያናት አገለገለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለየሳምንቱ አምልኮ ማለት ይቻላል አዲስ ሥራ ያዘጋጅ ነበር። በብዙ ጽሑፎቹ መጨረሻ ላይ “ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ” የሚል ትርጉም ያላቸውን ሦስት የላቲን ፊደላት ያኖር ነበር። እሑድ ሲደርስ “ዛሬ አልተሰጠኝም” ብሎ ቢቀር ኖሮ ፊደላቱ ምን ላይ ይጻፉ ነበር?

ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው ሰባት ዓመት ታስረዋል። የእኔ ትውልድ መዝሙሮቻቸውን ከካሴት ነው የተማረው። ስለ መከራ የሚዘምር ሰው መከራውን ሲያውቀው ቃሉ ክብደት አለው። ሆኖም እነዚያ መዝሙሮች ዛሬም የሚዘመሩት ዘማሪው ስለ ታሰሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ግጥሙ የታሸ፣ አማርኛው የተመረጠ ስለ ሆነም ነው። እስር ቤት ደካማ ግጥም አያቃናም። ጥሩ ግጥምም ሰኞ ዕለት በሥራ ቦታ የሚዋሽን ሰው አይሸፍነውም። (ድምፁ ያማረ ስለ ሆነ ብቻ ኑሮው የማይጠየቅ ዘማሪ ስንት አለ?)

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሥዕል ወይም ልብ ወለድ ለሚጽፍ ወጣት “ይህን ተውና ወደ አገልግሎት ግባ” የሚሉ መሪዎች ምክር ነው። ወደ የትኛው አገልግሎት? ባስልኤል መዶሻውን አስቀምጦ ነው ወይስ ይዞ ነው ያገለገለው? ለድምፅ ማጉያ ብዙ ገንዘብ የምታወጣ ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ሠዓሊ ልጇ የቀለም መግዣ ብትሰጥ ምን ይጎድልባታል?

ሽማግሌዎች ሆይ፣ በሚመጣው ሳምንት አዲስ መዝሙር ይዞ የሚመጣ ወጣት ካለ ማይክሮፎኑን ከመስጠታችሁ በፊት ግጥሙን በወረቀት ተቀበሉት። ከእርሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስንኝ በስንኝ አንብቡ፤ ያልገባችሁን ጠይቁት። አንድ ወር ተጨማሪ ከፈለገም ስጡት፤ በዚያው ወር ቤቱ ሄዳችሁ ኑሮው እንዴት እንደ ሆነ ጠይቁት።