«አዝማሪ ልትሆን ነው?»

ልጅ «ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ላጥና» ሲል ወላጅ «ለአዝማሪነት ነው እንዴ አገር ጥለን የመጣነው?» ይላል። ለነፃነት ሰልፍ የሚወጣው ወላጅ ጭምር!

እዚህ አሜሪካ ሒሳብ አያያዝን በ18 ዓመት ከሀሁ መጀመር ይቻላል። ሙዚቃ ግን እንዲያ አይደለም። አብዛኞቹ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ከሃይስኩል ውጤት ሌላ ተማሪውን አስጫውተው ወይም አዘፍነው ይፈትናሉ፤ ኖታ የሚያነብ ዓይን፣ የሠለጠነ ጆሮ ይፈልጋሉ። ይህ የዓመታት ልምምድ ነው። ልጁ በ8 ዓመቱ ፒያኖ ሲጠይቅ «ቆይ ይደርሳል» ያለ ወላጅ፣ ሳያውቀው የዩኒቨርሲቲውን በር ዘግቶበታል።

ለመሆኑ ተምሮ ምን ይሆናል? መምህር፣ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ፣ ሕመምተኛን በሙዚቃ የሚረዳ ባለሙያ፣ ተመራማሪ። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በኒውዮርክ ግዛት ኢስትማን ተምረው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ፤ ኋላም ዶክትሬታቸውን ይዘው በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ዶ/ር ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተላኩት ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ነበር። ኢንጂነር ሙላቱን ማን ያውቅ ነበር?

(በመንግሥት ጋዜጣ ቤት ሳለን የሙዚቃ ዜና የገጽ መሙያ ነበር። ንቀቱን ይዘነው ተሰደድን መሰለኝ።)

የሚገርመው፣ የአዝማሪ ነው የምንለው ማሲንቆ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ያሬድ በዲግሪ ይሰጣል፤ ክራርና ዋሽንትም እንዲሁ። እዚህ ግን በክራር ተፈትኖ የሚገባበት ትምህርት ቤት እምብዛም ስለሌለ፣ ክራር የሚወድ ልጅም ከጎኑ ፒያኖ ወይም ቫዮሊን ያስፈልገዋል። የመግቢያ ፈተናው በአብዛኛው በጥርና በየካቲት ነው። አስተማሪ ፍለጋው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ይቀድማል።